ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ቁጥር፦ የደም ቧንቧ መድረቁ በምን ይታወቃል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ከምድር ባቡር ጡረታ ወጥተዋል። የደም ግፊታቸው 158 በ72 ነው። ከወር በፊት አንድ ክሊኒክ ጣታቸው ላይ በሚሰካ መሣሪያ ለክቶ ‹የደም ቧንቧዎ ዕድሜ 81 ነው› አላቸው፤ የሚዋጥ ማሟያም እንዲገዙ መከራቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሌላ ቦታ ወሰድኳቸው፤ ክንዳቸው ላይ ካፍ (የደም ግፊት ሲለካ በአየር የሚነፋው ማሰሪያ) ታስሮ 9.4 ሜትር በሰከንድ ወጣና ‹ጤነኛ ነዎት› ተባሉ። የትኛውን እንመን? መሣሪያዎቹ የሚለኩት ምንድን ነው? ቀመር ካለውም ይጻፉልኝ።»

መምህር፣ ሰላምታዬ ለአባትዎም ይድረስልኝ። ዛሬ ማታ ቤት ሲገቡ አስቀድመው ይህን ይንገሩልኝ፦ 81 የተባለው ቁጥር ዕድሜያቸው አይደለም፤ እንቅልፍ የሚያሳጣ ፍርድም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው በአንዲት ወረቀት ምክንያት ጣሪያ እያየ ማደሩ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል «ጤነኛ ነዎት» የተባሉትም በቂ ማስረጃ ተይዞ አይደለም። ከሁለቱ ወረቀቶች ይልቅ እርስዎ ሳያስቡት በአንድ መስመር የጻፉልኝ የደም ግፊት ብዙ ይናገራል። እመለስበታለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ሐረር ነው። ይህን ልኬት በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ ስለዚህ ከመሣሪያ ሻጮች መግለጫ ሳይሆን ካየሁት ልነሣ። ስለ የትኛውም መሣሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ራሱ የለካው ምኑን ነው፣ በግምት የሞላውስ ምኑን? ይህን ከያዙ የመሣሪያዎቹን ስም ማወቅ እንኳ አያስፈልግዎትም።

መጀመሪያ የሚለካውን ነገር እንየው። ባጃጅ ጎማ ከሚጠግኑት ልጆች ዘንድ ሄደው ሁለት ከመነዳሪ ይጠይቁ፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ተጥሎ የድሬዳዋ ፀሐይ ያደረቀው ይሁን። ሁለቱንም በእጅዎ ይሳቡ። አዲሱ ተለጥጦ ይመለሳል፤ የደረቀው ወይ አይሳብም ወይ ይሰነጠቃል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ በወጣትነት እንደ አዲሱ ነው። ልብ ስትረጭ ያብጣል፤ ከተረጨው ደም የተወሰነውን ያቆያል፤ ልብ ስታርፍ ደግሞ ተመልሶ እየጠበበ ያቆየውን ወደፊት ይገፋል። ልብ የምትረጨው እየቆረጠች ሆኖ ሳለ ደሙ ወደ ኩላሊትና ወደ አንጎል ሳይቋረጥ የሚፈሰው በዚህ ነው። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ይህን ሥራ ከእሳት ማጥፊያ ፓምፕ የአየር ክፍል ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1899 የሒሳብ መልክ ሰጠው። ቧንቧው ሲደርቅ ያ የማቆየት አቅም ይጠፋል፤ የላይኛው ግፊት ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል፣ የልብ ምት ድንጋጤውም ሳይበርድ እስከ ኩላሊትና አንጎል ቀጫጭን ሥሮች ይደርሳል።

ልብ በረጨች ቁጥር ትርታው በቧንቧው ላይ እንደ ሞገድ ይሮጣል፤ ግድግዳው በደረቀ መጠን ሞገዱ ይፈጥናል፤ በሜትር በሰከንድ የሚጻፈው ይህ ፍጥነት ነው። ቀመሩ ይኸው። የሞገዱ ፍጥነት በራሱ ሲባዛ፣ የግድግዳው የያንግ ሞዱለስ (አልለጠጥም ባይነቱ) በግድግዳው ውፍረት ተባዝቶ፣ በደሙ እፍጋትና በቧንቧው ዲያሜትር ብዜት ከተካፈለው ጋር እኩል ነው። የሞንስና የኮርተቬኽ ቀመር ይባላል፤ ሁለቱም የኔዘርላንድ ሰዎች ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1878። ሞዱለሱ በስሙ የሚጠራው ቶማስ ያንግም ሐኪም ነበር፤ በቧንቧ ውስጥ ስለሚሄድ ሞገድ ከእነርሱ 70 ዓመት ቀድሞ ጽፏል። ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። ከቀመሩ እንደሚያዩት ሞዱለሱ በእጥፍ ቢያድግ ፍጥነቱ በእጥፍ አያድግም፤ 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ ከ7 ወደ 10 ሜትር በሰከንድ መውጣት ሲነበብ ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ ግድግዳው ከበፊቱ በእጥፍ ጠንክሯል ማለት ነው። ደግሞ ይህ የደሙ ፍጥነት አይደለም። ደሙ ራሱ በአኦርታ ውስጥ በአማካይ በሰከንድ አንድ ሜትር እንኳ አይሄድም፤ የሚሮጠው ትርታው ነው። ተማሪዎቼ የሕክምና ትምህርት ጨርሰው እንኳ እነዚህን ሁለቱን ያምታታሉ።

እንግዲህ በጣም የሚታመነው ዘዴ ይህን ፍጥነት በቀጥታ የሚለካው ነው፦ ርቀት ለጊዜ ማካፈል። አንድ ዳሳሽ አንገት ላይ፣ አንድ ዳሳሽ ብሽሽት ላይ ይደረጋል፤ ትርታው በሁለቱም ቦታ መነሣት የሚጀምርበት ቅጽበት ይያዛል፤ በመካከላቸው ያለው የጊዜ ልዩነት ይወሰዳል። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህር የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ አንገትና ብሽሽት በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ ታዲያ ርቀቱ የቱ ነው? ከድሬዳዋ እኩል የተነሡ ሁለት መኪኖች ያስቡ። እስከ ደንገጎ አብረው ይወጣሉ፤ እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቁልቢ፣ ሌላው ወደ ሐረማያ ይታጠፋል። እርስዎ የሚያውቁት አንደኛው ቁልቢ፣ ሌላው ሐረማያ የደረሱበትን ሰዓት ብቻ ነው። ፍጥነታቸው አንድ ከሆነ የመድረሻ ሰዓቱ ልዩነት የሚነግርዎ አንደኛው መንገድ ከሌላው የሚበልጥበትን ርቀት እንጂ ጠቅላላውን ርቀት አይደለም። በሰውነትም ትርታው ወደ አንገት ሽቅብ ሲወጣ፣ ሌላው ቁልቁል ወደ ብሽሽት ጉዞ ጀምሯል። ለዚህ ሲባል ከአንገት እስከ ብሽሽት በቀጥታ የተለካው ርቀት በ0.8 እንዲባዛ እ.ኤ.አ. በ2012 ባለሙያዎች ተስማምተዋል። ከዚያ በፊት ሙሉው ርቀት ይወሰድ ስለነበር ካለፈ አደጋ አለ የሚባልበት ወሰን 12 ሜትር በሰከንድ ነበር፤ 12 በ0.8 ሲባዛ 9.6 ነው፤ ተጠጋግቶ 10 ሆነ። ዛሬም ሁለት ሪፖርት ስታነጻጽሩ ርቀቱ በየትኛው ስሌት እንደተወሰደ ካልተጻፈ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

በቁጥር እንየው። የአንድ ሰው ቀጥተኛ ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ በ0.8 ሲባዛ 48። የጊዜ ልዩነቱ 60 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ፍጥነቱ 8 ሜትር በሰከንድ ነው። አሁን ሰውየው ቦርጫም ነው፤ ለኪውም የልብስ ሰፊ ሜትሩን በሆዱ ላይ አሳልፎ 65 አነበበ። ፍጥነቱ 8.7 ሆነ። ቧንቧው ምንም አልሆነም፤ የተለካው ቦርጩ ነው። እኔ ሜትሩን ከሆድ በላይ አየር ላይ ወጥሬ እይዘዋለሁ። ይህን ሥራ በሚገባ የሚሠራ ሰው የሚታወቀው በመሣሪያው ውድነት ሳይሆን በሜትሩ አያያዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ብሽሽቱም መነገር ያለበት አለ። በእኛ አካባቢ አንዲት እናት የማያውቋት ሰው ብሽሽቷን እንዲነካ በቀላሉ አትፈቅድም፤ ልክ ናት። መጋረጃ ያስፈልጋል፣ ለሴት ሴት ለኪ ታስፈልጋለች፣ ከመነካቱ በፊት ምን እንደሚደረግ በቋንቋዋ ሊነገራት ይገባል። ሽርጥ ለብሰው የሚመጡ አባቶች ከሱሪ ለባሾች ይልቅ ይቀልሉኛል፤ ጠርዙን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ዘዴው በየክሊኒኩ ያልገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በክንድና በጣት የሚሠሩት መሣሪያዎች የተወደዱትም ለዚሁ ነው።

ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ያለው በዋናነት ለዚህ አድካሚ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 17 ጥናቶችንና 15,877 ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና፣ የአኦርታ የሞገድ ፍጥነት በ1 ሜትር በሰከንድ በጨመረ ቁጥር የልብና የደም ቧንቧ ሕመም አደጋ 14 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ጤናማ ወጣት 6 አካባቢ ይገኛል፤ ስድሳዎቹን ያለፈ ሰው 10 ቢጠጋ ዕድሜው ያመጣው ነው።

አሁን ወደ አባትዎ ወረቀቶች። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ብርሃን ያበራል፤ በጣት ውስጥ የሚያልፈው ደም በጨመረና በቀነሰ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ከዚያ የትርታው ቅርጽ ይሣላል። በቅርጹ ላይ ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ፤ አንደኛው በቀጥታ የደረሰው፣ ሁለተኛው ከታችኛው አካል ተመልሶ የመጣው። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የሰውየውን ቁመት በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ባለው ጊዜ ያካፍላሉ፤ ሌሎቹ የኩርባውን ጠመዝማዛነት ያሰላሉ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ችግሩ ጣት ከአኦርታ በጣም ሩቅ መሆኑ ነው። የሐረር ማለዳ ጣት ሲያቀዘቅዝ ትናንሾቹ ሥሮች ይጠባሉ፣ ቅርጹ ይለወጣል፤ የድሬዳዋ ቀትር ሲያሞቃቸው ይከፈታሉ፣ ቅርጹ እንደገና ይለወጣል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ሁለተኛው ጉብታ ጭራሽ ይጠፋል፤ ያኔ መሣሪያው የሌለን ነገር ይፈልጋል። «ዕድሜ 81» የሚለው ደግሞ ቅርጹ ፋብሪካው ከመዘገባቸው ሰዎች የስንት ዓመቱን እንደሚመስል መናገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የት አገር እንደሆኑ፣ ሲለኩ ምን ይዘው እንደነበር ወረቀቱ አይልም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ማሟያ መሸጥ ያስቆጣኛል። የደረቀ ቧንቧን ወደ ቀድሞ ልስላሴው እንደሚመልስ የተረጋገጠ ማሟያ የለም፤ ገንዘባቸውን ይያዙ።

ሁለተኛው ወረቀት፣ 9.4፣ በመልኩ ከመጀመሪያው የተከበረ ነው፤ ትክክለኛ የፍጥነት አሃድ አለው። ነገር ግን ክንድ ላይ ብቻ በታሰረ አንድ ካፍ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ጊዜ እንዴት ይለካል? አይለካም። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ካፉን ከላይኛው ግፊት በላይ ነፍተው ተመልሶ የሚመጣውን ሞገድ ይጠብቃሉ፤ የተመለሰበት ቦታ ግን በግምት የተወሰደ ነው። ሌሎቹ ደግሞ የተመዘገበውን ዕድሜና የላይኛውን ግፊት ወስደው በቀመር ፍጥነት ያወጣሉ፤ የሞገዱ ቅርጽ የሚጨምረው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ይህን ራሴ ላይ ሞከርኩት። ተኝቼ ተለካሁ፤ ከዚያ ሳልነሣ የልደት ዘመኔን በ20 ዓመት ወደ ኋላ አድርጌ ጻፍኩና ደግሜ ተለካሁ። ቁጥሩ ከ2 ሜትር በሰከንድ በላይ ወጣ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ቧንቧዬ አላረጀም። ስለዚህ የአባትዎ 9.4 በአመዛኙ «63 ዓመትዎ ነው፣ ግፊትዎም ከፍ ያለ ነው» የሚል ነገር በሌላ አሃድ ተጽፎ ነው። ከ10 በታች ስለሆነ ጤነኛ ነዎት ማለት አይቻልም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። ጃፓኖች ሁለቱንም ክንድና ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት በካፍ አስረው ከክንድ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ፍጥነት ይለካሉ፤ ልብስ ሳይወልቅ ይሠራል፣ እውነተኛ የጊዜ ልክም ነው፤ ግን የእግርን ጡንቻማ ቧንቧዎች ስለሚጨምር ቁጥሩ ከአኦርታው ይበልጣል፤ የ10 ወሰን አይሠራበትም። ከዚያው ከጃፓን የመጣው ካቪ የተባለው መለኪያ የዕለቱን የደም ግፊት ተጽዕኖ በሒሳብ ለመቀነስ ይሞክራል፤ እዚያ 9 እና ከዚያ በላይ የመድረቅ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። የትርታው ቅርጽ ላይ ተመላሹ ሞገድ ምን ያህል እንደጨመረ የሚያሰላው መለኪያ በአጫጭር ሰዎችና በሴቶች ላይ ከፍ ይላል፣ ልብ ስትፈጥን ይወርዳል፤ ለብቻው አልጠቀምበትም። ኤምአርአይ አኦርታውን ራሱን ያሳያል፤ ርቀቱን ሳይገምት ይለካል፤ ለምርምር ድንቅ ነው፣ ለአባትዎ ግን ወጪው አይገባም።

አልትራሳውንድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በከተማችን ያለ መሣሪያ ስለሆነ። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የአንገት ቧንቧ በእያንዳንዱ ትርታ ምን ያህል እንደሚሰፋ ማየት ነው። የቧንቧው ስፋት 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን መስፋቱ የግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ተራ ማሽን ላይ የስክሪኑን ጠቋሚ በእጅ እያንቀሳቀሱ ያንን መለካት በስክሪኑ ላይ ካለች የአንዲት ነጥብ ስህተት ጋር ይምታታል። ደግሞም የክንድ ግፊት የአንገት ግፊት አይደለም። ሁለተኛውን መንገድ ግን እወደዋለሁ። ዶፕለር (የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ክፍል) እና የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ) ገመድ ባለው ማሽን፣ ከኢሲጂው ሹል ጫፍ አንሥቶ ትርታው አንገት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ፣ እንደገናም ከዚያው ሹል ጫፍ አንሥቶ ብሽሽት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ይለካሉ፤ አንዱን ከሌላው ይቀንሳሉ። የቀረው ሜትር ብቻ ነው። ይህ ያው የመጀመሪያው ታማኝ ዘዴ ነው፣ አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ። የኢሲጂ ገመዶቹ በየመሳቢያው ተጠቅልለው ሲቀመጡ ሳይ ይቆጨኛል።

ሁሉንም ዘዴዎች የሚያጠቃ አንድ ነገር አለ፦ ቧንቧ እንደ ብረት ሽቦ አንድ ወጥ ሞዱለስ የለውም። ግፊቱ ዝቅ ሲል ጭነቱን የሚሸከሙት ላስቲክ መሰሎቹ ክሮች ናቸው፤ ግፊቱ ሲወጣ ጠንካራዎቹ የኮላጅን ክሮች ይወጠራሉ። ስለዚህ ያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ ግፊቱ ሲጨምር ቧንቧው «ደረቅ» ሆኖ ይለካል። አባትዎ ጫት ይቃሙ አይቃሙ አልነገሩኝም፤ አልፈርድም፣ ግን ለመለካት ሲባል ማወቅ አለብኝ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ሥሮችን ያጠባል። ከበርጫ ተነሥቶ የተለካ ሰው የተለካው ከነጫቱ ነው። ቡናና ሲጋራም እንዲሁ። ደንቡ ከልኬቱ በፊት ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ከእነዚህ መቆጠብ፣ ሙቀቱ መጠነኛ በሆነ ክፍል 10 ደቂቃ ያህል ጋደም ብሎ ማረፍ፣ ሲለካም ሆነ ከመለካቱ በፊት አለማውራት ነው። ሁለት ጊዜ ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ከ0.5 ሜትር በሰከንድ በላይ ልዩነት ከታየ ሦስተኛ ይጨመርና መካከለኛው ይወሰዳል። አባትዎ በየትኛው ሰዓት ተለኩ? ቁጭ እንዳሉ ነው ወይስ አርፈው? እነዚህን ሳናውቅ በ81 እና በ9.4 መከራከር ድካም ነው።

አሁን ቃል የገባሁልዎ ቁጥር። 158 ሲቀነስ 72፦ 86። በሁለቱ ግፊቶች መካከል ያለው ይህ ስፋት በዕድሜ በገፋ ሰው ከ60 ሲያልፍ የትልልቆቹ ቧንቧዎች መድረቅ ምልክት ነው። መሣሪያው አሮጌው ካፍ፣ ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ መቀነስ ነው። ለግምት የቀረ ብዙ ነገር የለውም። የቧንቧ መድረቅ አለ ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ እነዚህ ቁጥሮች በሚገባ ተለክተው ከሆነ፣ አዎ፣ ሳይኖር አይቀርም እላለሁ። በ63 ዓመታቸው ከፍ ያለ ግፊት ያላቸው ብዙ ሰዎች እንዲሁ ናቸው፤ ሕክምናም አለው።

ሆኖም ስፋቱ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። የአኦርታው በር በሚገባ ሳይዘጋ ሲቀርና ደም ወደ ኋላ ሲመለስ የታችኛው ግፊት ይወርዳል፣ ስፋቱ ይጨምራል። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የልብ በር የሚጎዳባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሳይታወቅባቸው ያረጁም አሉ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መፍጠንም ስፋቱን ይጨምራሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ልባቸውን በማዳመጫ በሚገባ ያዳምጥ፣ ደም ማነስ እንዳለባቸው ይታይ፤ ስኳራቸው፣ የኩላሊት ሥራቸውና በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን ካለም ይመርመር። ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ጉዞ ከሚወጣው ገንዘብ ያንሳል፤ እዚሁ ይሠራል።

ግፊታቸውን ግን እርስዎ ቤት ይለኩላቸው። ለሰባት ቀን፣ ጠዋት ከቡናና ከመድኃኒት በፊት፣ ማታም እንዲሁ። አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ተደግፈው ይቀመጡ፣ እግራቸው አይጠላለፍ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ካፉ የክንዳቸውን ውፍረት የሚመጥን ይሁን። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩና ሁለቱንም ይጻፉ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ የማታው ልኬት አጠገብ ይጻፉት፤ አይደብቁት። ቤት ውስጥ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ የሆነ አማካይ ከፍተኛ ነው። አንድ ጊዜም ከተቀመጡበት ተነሥተው ከቆሙ በኋላ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለኩ፤ ቧንቧው የደረቀ ሰው ሲነሣ ግፊቱ ሊወርድና ሊያዞረው ይችላል፤ ሐኪማቸው መድኃኒት ሲመርጥ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። መድኃኒት የጀመሩ ከሆነ በ«ጤነኛ ነዎት» ምክንያት እንዳያቋርጡ። ጨው ይቀንሱ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይራመዱ።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ይሰርዙ፤ የቀሩትን ስድስት ቀናት አማካይ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም፣ የልብ ምታቸውንም ጨምረው ይላኩልኝ።